«ልቤ ነገረኝ»፦ ተረቱና እውነቱ

ከዋሽንግተን በ395 ጎዳና ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው አሌክሳንድርያ ሲቃረብ አንድ መውጫ ያገኛል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ቢታጠፍ መንገዱ ዱክ ስትሪት ይባላል፣ ወደ ምዕራብ ቢታጠፍ ግን ያው መንገድ ስሙን ለውጦ፣ ሊትል ሪቨር ተርንፓይክ ተብሎ፣ ወደ አናንዴል ያደርሳል። እኔም ቤቴን ከአሌክሳንድርያ ወደ አናንዴል በለወጥሁበት ዓመት፣ ኅሊናዬ በሌላ ሐሳብ ተይዞ ሳለ፣ እጄ መሪውን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ከቀድሞው ደጃፌ ያቆመኝ ጊዜ ጥቂት አይደለም። መብራት ጠብቄ፣ እግረኛ አሳልፌ፣ ፍጥነቴን መጥኜ መድረሴ እርግጥ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ግን አንዱንም አላስታውስም። ንዑስ ኅሊና የሚባለው እንዲህ ያለ ሠራተኛ ነው፤ መንገዱን አሳምሮ ያውቃል፣ ቤት መለወጤን ግን ገና አልሰማም።

ይህን ስውር ሠራተኛ እኛ ልብ እንለዋለን፤ በቋንቋችን ልብ የማስተዋል መንበር ነው፤ «ልብ በል» ማለት አስተውል ማለት ነው፣ ልቡናም ከዚያው ሥር የወጣ ቃል ነው። ስለዚህ «ልቤ ነገረኝ» የሚለው ሰው ሐሰት ተናገረ አልልም፤ የምቃወመው ልብ ገና ያልተሰማውን እንደ ነቢይ ያያል የሚለውን እምነት ነው። ይህ እምነት በባዕድ አገር እጅግ የሚጠነክረው በመርዶ ጊዜ ነው። አገር ቤት ዘመዱ ያረፈበትን ሰው ወዳጆቹ ቀድመው ሰምተው ለጥቂት ቀን ይሰውሩትና፣ ተሰብስበው በማለዳ በሩን ያንኳኳሉ፤ እርሱም እንባውን እየጠረገ «ልቤ ነግሮኝ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው፤ ዳሩ ግን የእኅቱ ድምፅ በስልክ መሳሳቱን፣ እናቱን «ተኝታለች» እያሉ አለማቅረባቸውን፣ ወዳጁ ወሬውን ቶሎ መቍረጡን፣ ምልክት ናቸው ሳይል አንድ በአንድ ሰብስቦ ስለ ነበረ ነው። በአንጻሩ ልቡ ሲፈራ አድሮ በሰላም የነጋባቸውን ሌሊቶች ማንም አይቈጥራቸውም። የዓይን ቆብ መርገብገብማ ከድካም፣ ከእንቅልፍ ማነስና ከቡና ብዛት የሚመጣ እንጂ የእንግዳ መልእክተኛ አይደለም።

ደንዝዞ የሚሄድ ሰው ስውሩን ያውቃል የሚለው እምነት በአገራችን ፍርድ እስከ ማሰጠት ደርሶ ነበር። ሌባ ሻይ የተባለው ሰው ለአንድ ብላቴና መድኃኒት ያጠጣውና፣ ልጁ እየተንገዳገደ ሲሄድ በወገቡ የታሰረውን ጨርቅ ይዞ ይከተለዋል፤ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ተብሎ የጠፋውን ይከፍላል። ይህ ሥርዓት በመንግሥት ትእዛዝ እስኪሻር ድረስ ስንት ንጹሕ ሰው እንደ ከፈለ ሳስበው ያሳዝነኛል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1852 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ካርፔንተር ሐሳብ ብቻውን፣ ያለ ፈቃዳችን፣ ጡንቻን እንደሚያንቀሳቅስ ገለጸ፤ በ1907 ደግሞ ኦስካር ፕፉንግስት በበርሊን ሒሳብ ያውቃል የተባለው ሐንስ የተሰኘ ፈረስ መልሱን የሚያገኘው ከጠያቂው ራስ ጥቂት ንቅናቄ እንደ ሆነ፣ ጠያቂውም ይህን ማድረጉን እንደማያውቅ አረጋገጠ። እንደ እኔ አስተያየት ጨርቁን የያዘው እጅ፣ ባለቤቱ ሳይታወቀው፣ መንደሩ አስቀድሞ ወደ ጠረጠረው ሰው ደጅ ልጁን ሳይመራው አልቀረም።

«ሰው ከአእምሮው በመቶ ዐሥሩን እጅ ብቻ ይጠቀማል፤ የቀረው በስውር ተኝቷል» የሚለውም ተረት ከሥሩ ስሕተት ነው። ከሰውነት ክብደት በመቶ ሁለት ያህል የሆነ አንጎል የሰውነትን ኃይል በመቶ ሃያ ያህል የሚፈጀው ሥራ ፈትቶ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1957 በሲኒማ መካከል ለዐይን በማይታወቅ ቅጽበት ማስታወቂያ አሳይቼ የፈንዲሻና የኮካ ኮላ ሽያጭ ጨመርሁ ያለው ጄምስ ቪካሪም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሩ ፈጠራ መሆኑን ራሱ ተናግሯል።

እንግዲህ ልብ መቼ ይታመናል? በዚህ ነገር ለረጅም ዘመን በተቃራኒ ወገን የቆሙት ዳንኤል ካህነማንና ጋሪ ክላይን በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 አብረው ሲጽፉ በሁለት ነገር ተስማሙ፤ ነገሩ ሥርዓት ያለው ሊሆን ይገባል፣ ሰውየውም ስሕተቱ ቶሎ እየተገለጠለት ረጅም ዘመን የተለማመደ ሊሆን ይገባል። ይህን ሳነብ በአናንዴል የማውቃቸው አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። አዲስ አበባ ሳሉ የእንጀራ ሊጥ መድረሱን በጠረኑና ከላይ ባቀረረው ውሃ ብቻ የሚያውቁ ባለሙያ ነበሩ፤ የቨርጂኒያ ክረምት ግን ሊጡን አስተኝቶ፣ በጋውም ቶሎ አኮምጥጦ ሙያቸውን አሳጣቸው። እንጀራው ዐይን አልወጣለት ሲል ምጣዱ ላይ እያዩ፣ እንደ ገና እያቦኩ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እጃቸው ተመለሰላቸው። ዛሬ ባልዲውን በጥር ብርድ ከማሞቂያው አጠገብ መቼ እንደሚያነሡት ብጠይቃቸው «ልጄ፣ እሱ ይነግረኛል» ይሉኛል፤ አምናቸዋለሁም።

እኒሁ እናት ባለፈው ዓመት ቤዝመንታቸውን ሊከራይ የመጣውን ወጣት «ቀልቤ አልወደደውም» ብለው በሰላምታ ሸኙት። ሊጡ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ስሕተታቸውን ያሳያቸዋል፤ ያ ልጅ ግን ዳግመኛ አልመጣም፣ ምን ዓይነት ተከራይ ይሆን እንደ ነበረም እርሳቸው የሚያውቁበት መንገድ የለም።