ያውቁ ኖሯል? አየር የአረርን መንገድ እንዴት ይለውጣል

ጣሊያናዊው ሊቅ ጋሊሊዮ ጋሊሌ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተወረወረ አካል ወደ ፊት በማይለዋወጥ ፍጥነት እየተጓዘ በዚያው ቅጽበት በመሬት ስበት ምክንያት ወደ ታች እየፈጠነ ስለሚወርድ፣ መንገዱ «ፓራቦላ» የሚባለውን፣ መውጫውና መውረጃው አምሳያ የሆነ ቅስት እንደሚሠራ አስረድቷል። በዚህ ስሌት ከሁሉ ርቆ የሚወድቀው በ45 ዲግሪ የተወረወረው ቢሆንም፣ ስሌቱ በትክክል የሚሠራው አየር በሌለበት ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው ሥራ፣ አየር ፈጣን ጥይትን ወደ ኋላ የሚገታበት ኃይል፣ ማለትም የአየር ተቃውሞ፣ ቀድሞ ከተገመተው እጅግ የላቀ መሆኑን በሙከራ አሳየ፤ በዚህ ኃይል ምክንያት ቅስቱ ያጥራል፣ አወራረዱም ከአወጣጡ ይልቅ ቁልቁል ይሆናል።

ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1918 ከ120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ፓሪስን የደበደቡበትን መድፍ ከ45 ዲግሪ በላይ ቀና አድርገው የተኮሱት፣ አረሩ ጥቅጥቁን የታችኛውን አየር ፈጥኖ አልፎ እስከ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ እንዲወጣና አብዛኛውን መንገድ በሳሳ አየር ውስጥ እንዲጓዝ ነበር። በረራው 3 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅም፣ የመሬት መሽከርከር የሚያስከትለው መዛነፍ ሳይቀር በስሌቱ ውስጥ ይገባ ነበር።