የጋዝጊብላ አፈር በተከዜ ቀላይ

በዋግ ምድር፣ ከአስከተማ ወጣ ብሎ በጋዝጊብላ ተረተር ላይ ቆሞ የሐምሌን ዝናም የሚመለከት ሰው፣ ከማሳው ራስ ተነሥቶ በቦረቦሩ እየደፈረሰ የሚወርደው ጎርፍ፣ በአያቶቹ ዘመን እንደነበረው ሁሉ፣ በተከዜ በኩል አልፎ ወደ ሱዳን ምድር የሚሰደድ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ከተለወጠ ዘመን ቈጥሯል፤ ተከዜ ከተገደበ ወዲህ ከዋግ አድባር ታጥቦ የሚወርደው አፈር፣ የሚበዛው ወገኑ፣ ድንበር ሳይሻገር በአዲሱ ሐይቅ ግርጌ በጨለማ ይተኛል። ይህ አፈር እንዴት እንደ ተኛ፣ ምድርም በተናወጠች ጊዜ ምን ሊሆን እንደሚችል መመርመር፣ የመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን የእኛም የደገኞቹ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኅዳር 5 ቀን 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነ፣ እንደ ቅስት የጎበጠ የኮንክሪት ግንብ ሲሆን፣ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ አቁሮ 300 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው። የአበርገሌ፣ የዝቋላና የሰሃላ ወጣቶችም ፍየል ይሰማራበት በነበረው ሸለቆ ላይ ዛሬ በጀልባ ሆነው መረብ ይጥላሉ። ሥራው ገና ሳይፈጸም፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ታላቅ ናዳ ወርዶ ተዳፋቱን የሚይዝ የድጋፍ ግንብ መጨመር ግድ ስለ ሆነ፣ ከጠቅላላው 360 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ውስጥ 42 ሚሊዮን የሚያህለው ለዚሁ ዋለ። ያ ናዳ በየብስ ስለ ነበረ ሁሉ አየው፤ ውሃ ከሸፈነው ወዲያ ያለውን ገደል ግን በዓይን የሚጠብቀው የለም።

በውሃ ውስጥ የተኛ ደለል ከደረቅ አፈር የተለየ ጠባይ አለው። በቅንጣቶቹ መካከል የታሰረው ውሃ፣ ምድር በተንቀጠቀጠች ጊዜ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ እየበረታ ይሄዳል፤ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ መደጋገፋቸውን ይለቁና፣ ጥቂት ቀደም ብሎ ጠጣር የነበረው አፈር እንደ አጥሚት ይፈሳል። ስለዚህ በየብስ ላይ ቢሆን በሬ ሳይቸገር የሚያርሰው ዝንባሌ፣ በውሃ ግርጌ የሚንድ ተዳፋት ሊሆን ይችላል።

የዚህን ነገር ኃይል ለዓለም የገለጠው የቴሌግራፍ ሽቦ ነው። ኅዳር 9 ቀን 1922 ዓ.ም. በኒውፋውንድላንድ ደቡብ የባሕር ወለል በተናወጠ ጊዜ፣ በአትላንቲክ ግርጌ ተዘርግተው የነበሩ 12 ሽቦዎች ተበጠሱ፤ ከመካከላቸውም ወደ ጥልቁ ያሉት ተራ በተራ፣ በየሰዓታቸው ስለ ተቈረጡ፣ ሊቃውንቱ ከብዙ ዓመት በኋላ የመበጠሻቸውን ደቂቃ በርቀታቸው አመዛዝነው፣ አንድ የጭቃ ጎርፍ በቀላዩ ውስጥ ሲገሠግሥ እንደ ነበረ ተረዱ። ናዳው ያስነሣው ማዕበልም በጠረፍ የነበሩ 28 ሰዎችን ወሰደ። ሐምሌ 10 ቀን 1990 ዓ.ም. በፓፑዋ ኒው ጊኒ የሆነው ከዚህ የከፋ ነው፤ የመናወጡ መጠን ለብቻው የማያስገምተው ማዕበል ከ2 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ሲፈጅ፣ መንሥኤው በባሕር ወለል የተናደ አፈር እንደ ሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ተስማሙ። በጣልያን አገር በቫዮንት ደግሞ፣ መስከረም 28 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ያለ ምንም ነውጥ ተራራው ወደ ተገደበው ውሃ ተንዶ፣ ግድቡ ሳይፈርስ ውሃው በላዩ ዘሎ 2 ሺህ ያህል ነፍስ ጠፋ። ግንቡ ጸና ማለት ሕዝቡ ዳነ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይልቅ የሚያስረዳ አላውቅም።

በአገራችን የምድርን መናወጥ በመሣሪያ መከታተል የተጀመረው፣ አባ ፒየር ጉዌን በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ባቋቋሙት መመልከቻ ጣቢያ ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰውና ካራ ቆሬን የጎዳው፣ የደሴንም መንገድ በናዳ ያበላሸው መንቀጥቀጥ በዚሁ ዘመን ተመዘገበ፤ በ1961 ዓ.ም. በአፋር ሰርዶ ፈረሰች፤ በ2017 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆው ባሉት በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ ምድር ለወራት ስትናወጥ፣ የካቲት 7 ቀን መጠኑ እስከ 6 ደርሶ፣ ከተፈናቀለው ሕዝብ ጋራ የከሰም ግድብም ነገር የሁሉ ጭንቀት ሆነ። ዋግ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ አይደለችም፤ ሕዝቡን በከንቱ ማስፈራትም ኃጢአት ነው። ነገር ግን የአፋር ጠርዝ ከምሥራቋ ሩቅ አይደለም፤ በሕንድ አገር በኮይና በ1960 ዓ.ም. እንደ ታየውም፣ የተከማቸ ውሃ ራሱ በታቹ ያለውን ዐለት ሊቀሰቅስ ይችላል።

ታዲያ አደጋው በግምት ሳይሆን በልኬት ይታወቃል። ድምፅን ወደ ጥልቁ ሰድዶ ማሚቶውን በሚቀበል መሣሪያ የሐይቁ ወለል ካርታ ይነሣል፤ በቧንቧ የደለል ናሙና ይወጣል፤ በናሙናው ውስጥ ከታች ሻካራ ከላይ ለስላሳ የሆነ ያልተለመደ ድርብርብ ቢገኝ፣ የጎርፍ ወይም የቀድሞ ናዳ ምስክር ሊሆን ስለሚችል ይመረመራል፤ ከዚያም አፈሩ ስንት ንቅናቄ እንደሚችል፣ ቢናድ ምን ያህል ማዕበል እንደሚያስነሣ ይሰላል። እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ወንዞቹ ወደ ሐይቁ ለሚገቡበት አፍ ነው። ጎርፉ ኃይሉን በዚያ ስለሚያጣ ሸክሙን በዚያው ይጥላል፤ አዲስ ደለል በአሮጌው ላይ ሳይጠጥር ይከመራል፤ በበጋ ሐይቁ ሲጎድል ደግሞ የውሃው ድጋፍ ከዳርቻው ይነሣና፣ በውስጡ የቀረው እርጥበት ተዳፋቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በዚህ ወቅት የሚመጣ ነውጥ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያሠጋል።

ስለዚህ ልኬቱ አንድ ጊዜ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሳይሆን ክረምት በወጣ ቍጥር የሚደገም፣ ውጤቱም በሐይቁ ዳር ለሚያድሩት አስጋሪዎች በሚገባቸው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኽምጣናም፣ የሚነገር ሊሆን ይገባዋል። እነርሱም ይጠየቁ፤ ውሃው በሚሸሽበት ወር የትኛው ዳርቻ እንደሚሰነጠቅ፣ ጀልባ የት ማሰር እንደማይቻል ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መኸር ከተሰበሰበ በኋላ በጥርና በየካቲት በጋዝጊብላ ተዳፋት ላይ እርከን የሚሠራው ገበሬም፣ እስካሁን ለእርሻው ብቻ ሲባል የደከመበት ድንጋይ፣ በሐይቁ ግርጌ የሚከመረውን ጭነት የሚቀንስ መሆኑ በሒሳቡ ውስጥ ይግባለት።