የተሸነፈ መራጭ ምን ይቀረዋል?

የመረጡት ሰው ሲሸነፍ የሚሰማው ሐዘን እውነተኛ ነው። ሬዲዮ መክፈት ያስጠላል፣ እንቅልፍ ይርቃል፣ ያሸነፈውን ወገን የመረጠው ጎረቤት የሚሰጠው ሰላምታ ራሱ ሹፈት ይመስላል። ሐዘኑ ሥጋም ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 ባራክ ኦባማና ጆን ማኬይን ሲወዳደሩ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከመራጮች ምራቅ ወስደው መርምረው ነበር። ውጤቱ በተነገረበት ሌሊት የማኬይን ደጋፊ በሆኑ ወንዶች ሰውነት ውስጥ ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ወርዶ ተገኘ፤ ሰው ራሱ ታግሎ ሲወድቅ የሚሆነው ዓይነት ነው። ይህ ሐዘን ግን ሰው አስቀድሞ እንደሚፈራው አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ1994 በቴክሳስ ግዛት አን ሪቻርድስና ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ለአገረ ገዥነት ሲወዳደሩ፣ ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቻቸው ድምፅ ሰጥተው የሚወጡ መራጮችን «የናንተ ሰው ቢሸነፍ ከአንድ ወር በኋላ ምን ይሰማችኋል?» ብለው ጠየቁ። የሪቻርድስ ደጋፊዎች ክፉኛ እንደሚከፉ ተናገሩ። ወሩ አልፎ ሲጠየቁ ግን ስሜታቸው በምርጫው ዕለት ከነበረው አልተለየም፤ ለአሸናፊው ለቡሽ የሰጡት ግምትም እንሰጠዋለን ብለው ከተነበዩት የተሻለ ነበር።

የሰው ልብ ከሽንፈት በአንድ ወር የሚሽር ከሆነ፣ የ1997ቱ ምርጫ ቁስል በእኛ አገር ይህን ያህል ዘመን ለምን አመረቀዘ? እኛ ኢትዮጵያውያን ልባችን ከቴክሳስ ሰው የተለየ ስለሆነ አይደለም። የሪቻርድስ ደጋፊ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቆጠራው እውነት መሆኑን አይጠራጠርም ነበር፤ አዲሱ አገረ ገዥ መሬቱን እንደማይነካበት፣ ልጁን ከሥራ እንደማያስወጣበት ያውቅ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና ተሰልፎ እንደሚመርጥም እርግጠኛ ነበር። ልቡ የሻረው በእነዚህ ላይ ተደግፎ ነው። ስለዚህ መራጭ ሽንፈትን እንዴት ይቻለው የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በምክርና በማጽናኛ ላይ አይመስለኝም። መልሱ ያለው የተሸነፈው ሰው በማግሥቱ በእጁ የሚቀረው ነገር ላይ ነው።

1997ን በዚህ ዓይን እንየው። በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የተላለፉት ክርክሮች፣ ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይን ያጥለቀለቀው የተቃዋሚው የቅንጅት ሰልፍ፣ የምርጫው ዕለት ግንቦት 7 ንጋት ላይ የተጀመሩት ረጃጅም ሰልፎች ለብዙ ሰው ድምፅ ዋጋ አለው ብሎ ያመነበት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። በዚያው ዕለት ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍ አገዱ። ውጤቱም ቅሬታ እየተከማቸበት፣ ነሐሴ 15 ቀን በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ ተደርጎበት፣ ነሐሴ እስኪያልቅ ሳይለይ ቆየ። በመጨረሻ ገዢው ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ሌላው ተቃዋሚ ኅብረት 52 መቀመጫ አገኙ ተባለ። ይህ መዘግየት በራሱ ቁስል ነው። ሦስት ወር ሙሉ «አሸንፈናል» እየተባለ የቆየ ሰው ሽንፈቱ ሲነገረው ተሸነፍሁ አይልም፤ ተዘረፍሁ ነው የሚለው። የአዲስ አበባ መራጭ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ቅንጅት ከከተማው 23 የፓርላማ መቀመጫ 23ቱን፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን ወስዶ ነበርና፣ መራጩ አሸንፎ ሳለ የመረጣቸው ሰዎች ወህኒ ወርደው ከተማውን ባለአደራ አስተዳደር ሲመራው አየ። ከሰኔ 1 ቀን 1997 ጀምሮ፣ ከዚያም ከጥቅምት 22 ቀን 1998 በኋላ በተከተለው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን መዝግቧል።

ከዚያ በኋላ ሰው የያዘው መንገድ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ዝም አለ፤ ፖለቲካ የሚባል ነገር በቤቱ እንዳይነሳ ከለከለ። ሌላው ወደ አሸናፊው ገባ። የኢሕአዴግ አባላት ቁጥር በምርጫው ዓመት 760 ሺህ ያህል እንደነበር፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ እንደደረሰ ይነገራል። ያን ያህል ሕዝብ በዚያች ጊዜ ውስጥ በድንገት አሳቡን ለወጠ ለማለት ይከብዳል፤ አብዛኛው ያደረገው ነገር እንጀራውን መጠበቅ ነበር ቢባል የሚቀርብ ይመስለኛል። ሦስተኛው መንገድ ጫካ ነው። በ2000 ዓ.ም. በእነ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ የተመሠረተው፣ ኋላም መሣሪያ ያነሣው ንቅናቄ ስሙን ግንቦት 7 አለ። ድምፅ የተሰጠበት ቀን ለጦር ድርጅት መጠሪያ ሆነ ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ያልሻረ ሽንፈት ምስክር ከየት ይመጣል?

ገዢው ፓርቲ ከ1997 የወሰደው ትምህርት ተሸናፊውን ከፓርላማ ጨርሶ ማጥፋት ነበር። በ2002 ከ547 መቀመጫ 545ቱን እርሱና አጋሮቹ ያዙ፤ በግንቦት 2007 ደግሞ 547ቱንም። በወረቀት ሲታይ በኢትዮጵያ ምድር የተሸነፈ መራጭ የቀረ አይመስልም ነበር። ሆኖም ዓመቱ ሳይዞር ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ ተነሣ። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ባሕር ዳር ላይ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ተተኮሰበት፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያች ከተማ ብቻ ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን ገልጿል። መቶ በመቶ ከተባለው ድል እስከዚያ ቀን ያለፈው አሥራ አምስት ወር ያህል ነው። ምክር ቤት ውስጥ መቀመጫ ያጣ ቅሬታ አይጠፋም፤ አስፋልት ላይ ይወጣል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «ሐበሻ መሸነፍ አያውቅበትም፤ ባህላችን ወይ መግዛት ወይ መሸፈት ነው» ይባላል። አባባሉ የሚያውቁትን አገር ትተው በመጽሐፍ ያነበቡትን አገር የሚናገሩ ሰዎች አባባል ይመስለኛል። የድሮ ገበሬ በላ ልበልሃ እየተባባለ ርስቱን የሚሟገት፣ በወረዳ ቢረታ ወደ አውራጃ፣ በአውራጃ ቢረታ ወደ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያም እስከ ዙፋን ችሎት ይግባኝ የሚል ሰው ነበር። ሲረታ ቂም ይይዝ ይሆናል፣ ግን የሚሄድበት ደጅ ነበረው። መጥፎ ጠብ ውስጥ የገባ ሰው እንኳ «በሕግ አምላክ» ሲባል ይቆም ነበር። ያው ገበሬ በ1960 ጎጃም ውስጥ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ጠመንጃ ያነሣው አቤቱታው አልሰማ ሲለው ነው፤ ንጉሡም ነገሩን ካበረዱባቸው መንገዶች አንዱ አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ማንሣት ነበር። ዛሬም በየዕድሩ፣ በየሰበካ ጉባኤው፣ በየማኅበሩ ሊቀ መንበርነት ተወዳድሮ የሚወድቅ ሰው ሞልቷል። የወደቀው ሰው በወሩ መዋጮውን ይዞ ይመጣል፤ ሰው ሲሞትበት ድንኳኑ ይተከልለታል፤ ስላልተመረጠ ቀባሪ አያጣም።

መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ነገሩን ይበልጥ ያሳያል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ በሜጫ ምድር፣ 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ግድብ ነው። የመስኖ ማኅበር ኮሚቴውን ሲመርጥ፣ የውኃ አባት ሲሰይም፣ የሚመረጥም የማይመረጥም አለ። ውኃው ግን የሚሄደው በቦዩና በተራው ነው። ተራዬ ተዘለለ ብሎ የሚጣላ ገበሬ ቢኖር እንኳ የሚጣላው ተራው የእኔ ነው ብሎ፣ ደንብ ይዞ ነው። እንግዲህ የዚህ አገር ሰው መሸነፍን የሚችለው ሽንፈቱ ድርሻውን እስካልወሰደበት ድረስ ነው። በአገር ምርጫ ላይ የጠፋው ይህ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዘገባ ማዳበሪያ፣ ብድርና የምግብ ዕርዳታ ተቃዋሚን በደገፉ ገበሬዎች ላይ መቅጫ እንደሆነ ጽፏል፤ መንግሥት ክሱን አልተቀበለም። ክሱ በየትኛው ቀበሌ ምን ያህል እውነት ነው የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ድምፅ የሚሰጠው ገበሬ ግን ማዳበሪያ የሚያድለውም፣ የመሬት ጉዳዩን የሚያየውም፣ በዚያ ዘመን አንድ ለአምስት በሚባለው ቡድን ያደራጀው የነበረውም ያው የቀበሌ ሰው መሆኑን በዓይኑ ያያል። ሽንፈት ለእርሱ የዘር ጊዜ ሊያሳልፍበት የሚችል ነገር ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል፤ ከበድ ያለም ነው። «ተሸናፊ ውጤት ይቀበል ማለት ለኮሮጆ ግልበጣ መታዘዝ አይሆንም ወይ?» የሚል። መልሱን ጋና ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2012ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ናና አኩፎ አዶ በጆን ማሃማ ሲረቱ ቁጥሩን አልተቀበሉም፤ ደጋፊዎቻቸውንም ወደ ዓመፅ አልጠሩም። የየምርጫ ጣቢያውን የውጤት ቅጽ ሰብስበው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ሙግቱ በቴሌቪዥን በቀጥታ እየተላለፈ ሕዝብ ምስክሩንና መስቀለኛ ጥያቄውን ሲከታተል ከረመ። በነሐሴ 2013 (እ.ኤ.አ.) ፍርድ ቤቱ ሲፈርድባቸው በፍርዱ እንደማይስማሙ፣ ነገር ግን እንደሚቀበሉት ተናገሩ፤ ለአሸናፊውም ስልክ ደውለው እንኳን ደስ ያለህ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ተወዳድረው አሸነፉ። ደጋፊዎቻቸውን ያጽናናቸው የመሪያቸው ትዕግሥት ብቻ አይደለም፤ የሚያሳዩት ወረቀት በእጃቸው መኖሩ፣ ወረቀቱን በሕዝብ ፊት የሚያይ ዳኛ መገኘቱ ነው። ውጤት መቀበል ማለት ዓይንን መጨፈን ከሆነ እኔም አልደግፈውም። ተሸናፊ የመመርመር ሙሉ መብት ኖሮት ሲያበቃ የሚሰጠው ቃል ግን የተለየ ነገር ነው።

የ2013ቱ ምርጫ ከቀድሞዎቹ በአንዳንድ ነገር ይሻል ነበር። ያኔ ምርጫ ቦርድን ይመሩ የነበሩት በ1997 ማግሥት ከታሰሩት የቅንጅት መሪዎች አንዷ ብርቱካን ሚደቅሳ መሆናቸው ራሱ ለብዙ ሰው ትርጉም ነበረው። ሐምሌ 3 ቀን በተነገረው ውጤት ገዢው ብልጽግና ከ436 መቀመጫ 410 ሲወስድ ተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። የአብን አምስቱም ከአማራ ክልል የተገኙ ናቸው። ከዚያ የኢዜማው መሪ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር፣ የአብኑ ሊቀ መንበር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆኑ። ይህን የተሸናፊን ልብ ማከሚያ አድርገው ያዩት ነበሩ። ሹመቱ በጎ አሳብ ነበረው ብዬ አምናለሁ፤ ግን የሚያክመው መሪውን ነው። መራጩ የፈለገው ሚኒስትር አይደለም፤ መንግሥትን በምክር ቤት ቆሞ የሚጠይቅለት ሰው ነው፤ ካቢኔ ውስጥ የገባ መሪ ደግሞ ካቢኔውን ሊጠይቅ አይችልም። መራጩ በምክር ቤት ጠያቂ የሚያጣበት ችግር የሚጀምረው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ነው፤ በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉን ይወስዳል፣ የቀረው ድምፅ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ይህ የሚጎዳው ተቃዋሚን ብቻ አይደለም፤ በ1997 ኢሕአዴግን የመረጠ የአዲስ አበባ ነዋሪም በፓርላማ አንድ ተወካይ አላገኘም። ክሪስቶፈር አንደርሰንና ክሪስቲን ጊሎሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት አሥራ አንድ የአውሮፓ አገሮችን ሲያወዳድሩ፣ ሥልጣን በሚጋሩባቸው አገሮች የተሸነፈ መራጭ በሥርዓቱ ላይ ያለው እርካታ አሸናፊ ሁሉን ከሚጠቀልልባቸው አገሮች ተሸናፊ የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። መቀመጫ በድምፅ መጠን በሚከፋፈልበት፣ ሥልጣን ለመጋራት በሚያመቸው ተመጣጣኝ ውክልና መንግሥት ይዳከማል የሚሉ አሉ፤ እውነትም ጥምር መንግሥት ያንገራግጫል። የእኛው ጠንካራ የተባለው መንግሥት ግን ከ2007 ድሉ በኋላ ሦስት ዓመት እንኳ በእግሩ መቆም አልቻለም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከመራዊ ይመጣል፤ በአክብሮት ሊሰማ ይገባዋል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ጠመንጃ እየተናገረ ነው። ጥር 20 ቀን 2016 በመራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አረጋግጧል። ልጁን በደጃፉ የቀበረ ሰው ስለ ምርጫ ሽንፈት አጽናኑኝ አላለም፤ ፍትሕ ነው የሚጠይቀው፤ ገዳዮቹ በፍርድ ፊት ሳይቆሙ ኮሮጆ ቢቀርብለት እንደ ስድብ ቢቆጥረው አልፈርድበትም። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ከላይ ያልሁትን አያፈርሰውም። ጦርነቱ ቆሞ፣ ለሟቾቹ ተጠያቂ ተገኝቶ፣ መራዊ ላይ ምርጫ ጣቢያ የሚከፈትበት ቀን ሲመጣ መታየት ያለበት ማን አሸነፈ የሚለው ብቻ አይደለም። የተሸነፈው ዕጩ ወኪል ቆጠራው እስኪያልቅ ተቀምጦ፣ ቅጹ ላይ ፈርሞ፣ ቅጂውን በኪሱ ይዞ በጨለማ ያለ ሥጋት ቤቱ ይግባ፤ በሰኔም ማዳበሪያውን በተራው ይውሰድ። ይህ እስኪረጋገጥ ድረስ ለመራዊ ሰው ውጤቱን ተቀበል ብሎ የመናገር መብት ያለው አካል አይታየኝም።