በጆሮ የሚነበብ ድረ ገጽ

ዓይነ ስውራን ስልክና ኮምፒውተር የሚጠቀሙት በስክሪን ሪደር ነው። በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ነው፤ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር፣ አንድሮይድ ላይ ቶክባክ ይባላል። ለዊንዶውስ ኮምፒውተር ደግሞ ጆውስ እና ያለ ክፍያ የሚገኘው ኤንቪዲኤ አሉ።

ዓይን ገጹን በአንድ ጊዜ ቃኝቶ የሚፈልገው ላይ ያርፋል። ጆሮ ግን የሚሰማው በተራ ነው። ከላይ ሠላሳ ሊንክ የደረደረ የዜና ድረ ገጽ አንባቢው አዲስ ዜና በከፈተ ቁጥር “ፖለቲካ፣ ሊንክ፤ ስፖርት፣ ሊንክ” እያለ እንደገና ይጀምርለታል። ስለዚህ የገጹ የመጀመሪያ ሊንክ “ወደ ዋናው ጽሑፍ እለፍ” የሚል መሆን አለበት። ታብ ቁልፍ እስኪነካ ድረስ ከዓይን ቢሰወርም ችግር የለውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ርዕስ ነው። የኤንቪዲኤ ተጠቃሚ “ኤች” የሚለውን ፊደል ሲጫን ወደ ቀጣዩ ርዕስ ይሻገራል፤ 2 ቁጥርን ሲጫን ደግሞ ወደ ቀጣዩ ንዑስ ርዕስ። ረጅም ጽሑፍን የሚቃኘው እንዲህ ነው። ይህ የሚሠራው ርዕሱ በገጹ ኮድ ውስጥ ርዕስ ተብሎ ከተመዘገበ ብቻ ነው። ፊደሉን ማድመቅና ማተለቅ ለሚያይ ሰው ይበቃል፤ ለሶፍትዌሩ ግን ያው ተራ መስመር ነው። ይህን ለማስተካከል ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። በዎርድፕሬስ የሚጽፍ ጋዜጠኛ የርዕስ ደረጃውን ከማዘጋጃው ላይ መርጦ ይጨርሰዋል።

በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ የተለመደ አንድ ነገር አለ፤ በየዜናው ሥር የሚቀመጠው “ተጨማሪ ያንብቡ”። ስክሪን ሪደር የገጹን ሊንኮች ብቻ ለይቶ መዘርዘር ይችላል። ዝርዝሩ ሲከፈት “ተጨማሪ ያንብቡ፣ ተጨማሪ ያንብቡ፣ ተጨማሪ ያንብቡ” ከሆነ የትኛው የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል? የዜናውን ርዕስ ራሱን ሊንክ ማድረግ ይሻላል።

ማውዝ ሲጠጋው ብቻ የሚከፈት ማውጫም ዓይነ ስውሩን በር ላይ ያስቀረዋል። በኢንተር ቁልፍ መከፈትና መዘጋት፣ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑንም ማሳወቅ አለበት።

የቋንቋውም ጉዳይ አለ። ከእንግሊዝኛ ናሙና ተወስደው የተሠሩ ገጾች በኮዳቸው ውስጥ ቋንቋቸው እንግሊዝኛ እንደተባለ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ስክሪን ሪደሩ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ለማንበብ ሊሞክር ይችላል። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል፤ ቋንቋው በትክክል ከተጻፈ ማለት ነው። የሚስተካከለውም አንዲት ቃል ናት።

ይህ የቸርነት ጉዳይ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስም ጠቅሶ ተደራሽ እንዲሆን ይጠይቃል።

ድረ ገጽ ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬውኑ ማውዙን ወደ ጎን አድርጉና በታብና በኢንተር ቁልፎች ብቻ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ አንድ ጽሑፍ መጨረሻ ለመድረስ ሞክሩ። ከዚያ ስክሪን ሪደር በየዕለቱ የሚጠቀም ዓይነ ስውር ባለሙያ ጠርታችሁ፣ የድካሙን ከፍላችሁ አስፈትሹት።