የሸርጣን ጨጓራ ቅኝት

ሸርጣን ጨጓራው ውስጥ ጥርስ አለው። የዋጠውን ሁለት የጎንና አንድ የመሃል ጥርስ እየተጋጠሙ ይፈጩለታል፤ ከነሱ አልፎ ያለው ጠባብ ክፍል ደግሞ እንደ ወንፊት ያጣራዋል። ይህን ሁሉ የምታንቀሳቅሰው በጨጓራው ጀርባ ላይ፣ ከልብ ወደ ራስ በሚሄደው የደም ቧንቧ ውስጥ የተኛች ኢምንት የነርቭ ቋጠሮ ናት። የያዘቻቸው የነርቭ ሕዋሳት እንደ ዝርያው ቢበዛ 30 ገደማ ናቸው። ተመራማሪዎች ከላይ የሚመጡላትን ነርቮች ሳይበጥሱ ከእንስሳው ያወጧትና ቀዝቃዛ ጨዋማ ፈሳሽ በያዘ ሳህን ውስጥ በቀጫጭን መርፌ ወጥረው ያኖሯታል። እሷ ግን ጨጓራው እንደተለያት እንኳ የምታውቅ አትመስልም፤ ለሰዓታት ትመታለች። ኤሌክትሮድ ሲያስጠጉባት የማጣሪያው ምት በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል ሲመላለስ ስክሪኑ ላይ ይታያል፦ አንዱ ቡድን ተንጣጥቶ ዝም ይላል፣ ሁለተኛው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ይከተላል፣ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያው። የመፍጫው ምት ዘገምተኛ ነው፤ አንዱ ዙር በርካታ ሴኮንድ ይፈጃል።

ሕዋሳቱ እንዲህ ጥቂት መሆናቸው በ1960ዎቹ እና በ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትልቅ ተስፋ አጭሮ ነበር። ዶናልድ ሜይናርድ፣ ከእሱም ቀጥሎ በሳንዲያጎ አለን ሰልቨርስተን ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ፣ ማን ማንን ዝም እንደሚያሰኝ አንድ በአንድ ለቀሙ። የግንኙነቱ ካርታ ካለቀ ምቱም ከካርታው ይነበባል ተብሎ ታሰበ። አልተነበበም። የሰልቨርስተን ተማሪ የነበረችውና ኋላ በማሳቹሴትስ ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ የሠራችው ኢቭ ማርደር ዕድሜዋን የሰጠችው ለዚህ ክፍተት ነው። ክራርን አይቶ ጅማቶቹን የቆጠረ ሰው ትዝታ ይመታበት ወይስ ባቲ አያውቅም፤ ጅማቶቹ ያው ናቸው፣ ልዩነቱ ቅኝቱ ላይ ነው። የሸርጣኑን ቋጠሮ የሚቃኟት ኒውሮሞዱሌተር የሚባሉት ኬሚካሎች ናቸው፦ ዶፓሚን፣ ሴሮቶኒን፣ ኦክቶፓሚን፣ እንዲሁም መጀመሪያ ከበረሮ የተገኘው ፕሮክቶሊንና ሌሎች ብዙ አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች። ገሚሱ ከላይ በሚወርዱ ነርቮች ጫፍ ላይ ይረጫል፣ ገሚሱ በደም ይመጣል። ቋጠሮዋ ደም ቧንቧ ውስጥ መተኛቷ ታዲያ እንዲሁ የቦታ ነገር አይደለም፤ ልብ በመታ ቁጥር በእነዚህ ኬሚካሎች ትታጠባለች።

አሠራራቸው ከተራው የነርቭ መልእክት ይለያል። ተራው መልእክት "አሁን ተኩስ" ወይም "አሁን ዝም በል" ብሎ ወዲያው ያልፋል። ኒውሮሞዱሌተር ግን የሕዋሱን ጠባይ ይለውጣል፤ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉትን ጥቃቅን በሮች ይከፍታል ወይም ያጠባል፣ በሁለት ሕዋሳት መካከል ያለውን ግንኙነት ያጠነክራል ወይም ያላላል። ዶፓሚን፣ ሴሮቶኒንና ኦክቶፓሚን ምቱን የሚመራውን ያንኑ አንድ ሕዋስ ሦስቱም ያስመቱታል፤ መንገዳቸው ግን የየራሳቸው ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመው በ1991 ከፈረንሳይ አርካሾን የወጣው ሥራ ይመስለኛል። በአውሮፓ ሎብስተር ላይ የተወሰኑ ሕዋሳት ሲነቁ የጉሮሮ፣ የመፍጫና የማጣሪያ ምት ያወጡ የነበሩ ሕዋሳት ከየቡድናቸው ወጥተው አዲስ የጋራ ምት፣ የመዋጥ ምት የመሰለ ነገር፣ አብረው ጀመሩ። እዚህ ላይ የክራሩ ምሳሌ ያጥራል፤ ሦስት ክራሮች በዜማው መሃል ፈርሰው አንድ ትልቅ ክራር ሲሆኑ ያየ የለም።

ሳህን ውስጥ ኬሚካል ማፍሰስ ባሕር ውስጥ ካለው ኑሮ ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማፍሰስ ጎርፍ ነው፣ ነርቭ ግን በጠብታ ነው የሚሰጠው። ሆኖም ከላይ የሚመጣው ነርቭ ሲቆረጥ፣ ምንም ሳይፈስባት፣ ምቷ ይዳከማል ወይም ይቆማል፤ ቅኝቱ ከተፈጥሮም ቢሆን ከዚያ ይመጣ ነበር ማለት ነው። ተቃውሞው ይልቅ አንድ ጥሩ ትምህርት አስገኝቷል። በሸርጣን ውስጥ ፕሮክቶሊን የሚያወርዱ የተለያዩ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ በየተራ ሲነቁ የሚያስነሱት ምት አንድ አይደለም፣ ምክንያቱም አብረው የሚያወርዷቸው ሌሎቹ ኬሚካሎች ይለያያሉ። ስለዚህ "ፕሮክቶሊን ይህን ያደርጋል" ብሎ ነገር የለም፤ ከማን ጋር መጣ ተብሎ መጠየቅ አለበት። "የደስታ ሆርሞን" እያለ ለአንድ ኬሚካል አንድ ሥራ የሚሰጠው የሬዲዮ ወሬ ይህን ፈተና የሚያልፍ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ይህን ያህል ነገር የሚለዋወጥ ከሆነ ምቱ ለምን አይበታተንም? በ2004 የማርደር ቡድን የማጣሪያውን ምት በኮምፒዩተር ከ20 ሚሊዮን በሚበልጡ ዓይነቶች ሠርቶ ሲፈትሽ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት ጤነኛውን ምት አወጡ፤ የውስጥ ልካቸው ግን እርስ በርሱ እጅግ የተራራቀ ነበር። ወደ ጤነኛው ምት የሚያደርሰው መንገድ ብዙ ከሆነ፣ ኒውሮሞዱሌተር ሕዋሱን ወዲያና ወዲህ ሲገፋው ቶሎ ገደል አይገባም። ካርታው ዋጋ የሚኖረውም እዚህ ነው፦ የሚሆነውንና ፈጽሞ የማይሆነውን ይወስናል፣ ከሚሆኑት መካከል ግን አይመርጥም። እውነተኛው ሸርጣንም ይህን ያሳያል። ሳህኑ ከ7 ወደ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ምቱ አራት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል፣ ተራው ግን አይዛነፍም። ከዚያ በላይ ሲሞቅ የሁሉም ምት ይናጋል፣ የሚናጋበት መንገድ ግን ለየእንስሳው የተለየ ነው፤ በቀዝቃዛው ውሃ አንድ ይመስሉ የነበሩት ልዩነታቸው ያኔ ይገለጣል። ውሃው ሲቀዘቅዝላቸው ወደ ቀድሞው ምት ይመለሳሉ፣ እንደገናም አንዱን ከሌላው መለየት ይቸግራል።