አካል ጉዳተኛ የሕግ ተማሪዎችን እንዴት እንደግፍ?

ከጀጎል ግንብ ወጥተው በድሬዳዋ መንገድ ሲጓዙ ሕግ ከሚያስተምሩት የአገራችን ተቋማት አንዱ የሆነውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲን ያገኛሉ። ለመሆኑ አንድ ዓይነ ስውር ወጣት ሕግ ሲያጠና ምን እንደሚገጥመው አስበው ያውቃሉ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ብቻ 3,367 አንቀጾች አሉት። ሕጉ በኮምፒውተር ቢገኝ እንኳ ገጹ ስካን ተደርጎ እንደ ፎቶግራፍ የተቀመጠ ከሆነ፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ሊያነበው አይችልም። ያን ጊዜ የሚቀረው የጓደኛ ዓይን ነው።

የጓደኛ እርዳታ ብዙዎችን ለምረቃ አብቅቷል። ነገር ግን በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ትምህርት፣ ያ ሰው ሲታመም ወይም ለራሱ ፈተና ሲዘጋጅ ይቋረጣል። ስለዚህ ሁለት ነገሮች አብረው መሄድ አለባቸው፦ የተማሪዎች መረዳጃ ኅብረት እና ስለ መብት መሟገት።

የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ለዚህ ምስክር ናቸው። በወሎ ሳይንት ተወልደው በ5 ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን ቢያጡም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሌሎች ጋር ሆነው በአካል ጉዳተኝነትና በልማት ላይ የሚሠራ ማዕከል መሠረቱ፤ በ2017 ደግሞ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

ሕጉስ ምን ይላል? ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርት ያለ አድልዎና ከተመጣጣኝ ማመቻቸት ጋር እንዲሰጥ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ በሥራ ቅጥር አድልዎን ይከለክላል። በአንጻሩ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 የዓይነ ስውር ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ለጥበቃ የተጻፈ ቢሆንም፣ ለሌላው ውል የሚያረቅቅ የሕግ ባለሙያ የራሱ ፊርማ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አንቀጽ ከእነርሱ የተሻለ ማን ሊሞግተው ይችላል?

ታዲያ እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

1. አስቀድመው ይጠይቁ። የሚያስፈልገውን የሚያውቀው ተማሪው ራሱ ነው።
2. ሥራውን ይከፋፈሉ። አንዱ ምዕራፍ በድምፅ ይቅረጽ፣ ሌላው አንቀጾችን ይተይብ፤ የተዘጋጀውም ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀመጥ። መስማት ለተሳነው ተማሪ ማስታወሻ ይጋራ።
3. ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡ። ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ አንባቢና ጸሐፊ ከፈተናው ሳምንታት በፊት ይጠየቁ፤ ሕጉ ይጠቀስ፤ ቅጂው ይያዝ።
4. መሪነቱን ለእነርሱ ይተዉ።

ዛሬ የሚያነቡለት ተማሪ ነገ በፍርድ ቤት ስለ እርስዎ የሚከራከር ጠበቃ ሊሆን ይችላል።