ከዓመታት በኋላ ወደ ብስክሌት፦ የጫካ መንገድ አመራረጥ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የማውንቴን ባይክ መንገዶች መግቢያና መገንጠያ ላይ ትንንሽ ምልክቶች ተለጥፈው ይታያሉ። አረንጓዴ ክብ ቀላል፣ ሰማያዊ ካሬ መካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ከባድ፣ ሁለት ጥቁር አልማዝ ደግሞ እጅግ ከባድ ማለት ነው። ምልክቶቹ ከበረዶ መንሸራተቻ ተራሮች የተወሰዱ ናቸው። ለብስክሌት አስማምቶ ያሰራጫቸው እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የማውንቴን ባይክ ማኅበር፣ በምኅጻሩ ኢምባ፣ ነው። ለዓመታት ብስክሌት ያልነካች ባለቤቱን ይዞ ጫካ ለመግባት ያሰበ ሰው አረንጓዴውን ክብ ሲያይ ምርጫው ያለቀለት ይመስለዋል። ምልክቱ ግን የሚመዝነው መንገዱን ነው፤ ያውም ከመንገዱ ጠባይ አንዱን ብቻ።

(«ባለቤቱ» ስል ሴቷን እያሰብኩ የምጽፈው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው። ሚስት ዘወትር ነጂ፣ ባል ከዓመታት በኋላ ተመላሽ የሆነባቸው ቤቶችም አሉ።)

ማኅበሩ ያወጣው መመዘኛ ቁርጥ ያሉ ቁጥሮች አሉት። አረንጓዴ መንገድ ስፋቱ ቢያንስ 90 ሳንቲሜትር ገደማ፣ አፈሩ የጠነከረ፣ አማካይ ተዳፋቱ ከ5 በመቶ የማይበልጥ ነው፤ በ100 ሜትር ርቀት 5 ሜትር ያህል ይወጣል ወይም ይወርዳል ማለት ነው። ዞር ብለው የማያልፉት ሥር ወይም ድንጋይ ቢኖርበት ቁመቱ ከ5 ሳንቲሜትር አያልፍም። ሰማያዊው ወደ 60 ሳንቲሜትር ይጠብባል፤ አማካይ ተዳፋቱ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል፤ የማይሸሹት እንቅፋት ደግሞ እስከ 20 ሳንቲሜትር ይፈቀድለታል። ይኸኛው ቁጥር ነው ብዙዎችን ጉድ የሚሠራቸው። ተዳፋቱ እጥፍ ሲሆን እንቅፋቱ አራት እጥፍ አድጓል። ሃያ ሳንቲሜትር ከቤት ደረጃ አንድ እርከን ይበልጣል፤ እሱን በጎማ መውጣት ከቀላል መንገድ ትንሽ ከበድ ያለ ነገር ሳይሆን ሌላ ችሎታ ነው። ዘወትር የሚነዳው ባል እነዚህን ሥሮች ማየት ካቆመ ቆይቷል። «ሰማያዊ እኮ ነው፣ ምንም የለውም» የሚለውም ሊዋሽ ብሎ አይደለም።

ከቁጥሮቹ በላይ የሚያሳስበው መመዘኛው የተወው ነገር ነው። ኢምባ የሚለካው የመንዳት ችሎታ የሚጠይቀውን ብቻ ነው፤ ድካምን አይለካም። ሦስት ኪሎ ሜትር የሆነ መንገድም፣ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር የሆነም፣ ለስላሳ እስከሆኑ ድረስ ሁለቱም አረንጓዴ ክብ ሊለጠፍባቸው ይችላል። ደግሞም ደረጃው አንጻራዊ ነው፦ አንድ መንገድ የሚመዘነው በአካባቢው ካሉት ሌሎች ጋር ነው። ድንጋይ በበዛበት በሜሪላንዱ የፍሬድሪክ ደን መካከለኛ የተባለው መንገድ ሜዳማው አገር ላይ ከባድ ሊባል ይችላል። አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ሌላ ሥርዓት ነው የሚገጥማቸው። ብሪታኒያ ከሰማያዊና ከጥቁር መካከል ቀይ አላት፤ የብሪታኒያው ምደባ የአካል ብቃትንም ያነሳል፣ በዚህ በኩል ከአሜሪካው ይሻላል ባይ ነኝ። ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ አገሮች ከኤስ 0 እስከ ኤስ 5 በሚደርስ መለኪያ ይጠቀማሉ፤ ለተመላሽ የሚሆነው ኤስ 0 ነው፤ ሥርና ድንጋይ ከኤስ 1 ጀምሮ ይመጣሉ።

ድካም ከሂሳቡ መውጣቱ ብዙም አይገርምም። ይህ ስፖርት ሲወለድም ለቁልቁለት ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ ወጣቶች የድሮ ከባድ ብስክሌቶችን ተራራ ላይ አውጥተው ይለቋቸው ነበር። በ1976 ፌርፋክስ ከተባለች ከተማ አጠገብ የጀመሩት ውድድር ሪፓክ፣ «እንደገና መሙላት»፣ ተባለ፤ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው ፍሬን በቁልቁለቱ ግሎ ግራሱ ስለሚቃጠል ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ አዲስ መሙላት ነበረባቸው። ዛሬም መንገዶች ስም የሚያወጡት በቁልቁለታቸው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የተመለሰችውን ሰው ግን ተስፋ የሚያስቆርጣት አብዛኛውን ጊዜ ዳገቱ ነው።

ተመላሽ ከጀማሪ ይለያል። ልጅ ሆና ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ በሰዓት በተከራየችው ብስክሌት ሚዛን መጠበቅ የተማረች ሴት ያንን አትረሳውም፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ፔዳሉን መርገጥ ትጀምራለች፤ የሚያዩዋት ሁሉ «አልረሳችም!» ይላሉ። ማታለያውም እዚሁ ላይ ነው። ሚዛኑ ቢኖርም ትንፋሹ የለም። ዓይን አሥር ሜትር ወደ ፊት ማየቱን ትቶ የፊት ጎማው ላይ ይተከላል፤ ጎማ ላይ የሚያይ ሰው ደግሞ ሥሩን የሚያየው ሲደርስበት ነው። እጅም ፍሬንን በልክ መያዝ ረስቷል። ያኔ የለመደችው ፍሬን ጠበቅ ተደርጎ ካልተያዘ የማያቆም ነበር፤ የዛሬው የዘይት ዲስክ ፍሬን በአንድ ጣት ያቆማል። በዚያ ላይ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ ብስክሌቶች የግራ እጅ ፍሬን የፊቱን ጎማ፣ የቀኙ የኋላውን እንዲይዝ ተደርገው ነው የሚመጡት። በሌላ አገር በለመዱት እጅ የፊቱን ድንገት መጨበጥ በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ ሊጥል ይችላል። ይህን ለማወቅ የመኪና ማቆሚያው ላይ ጥቂት ዙር ይበቃል።

የመጀመሪያው ቀን ጭራሽ ጫካ ባይሆን እመርጣለሁ። ለዋሽንግተን አካባቢ ሰው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳርቻ መንገድ አለለት። ከጆርጅታውን ተነስቶ እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረ ስለሆነ ሜዳ ነው፤ አስፋልትም አይደለም። ጠጠርና አፈር ላይ ጎማ እንዴት እንደሚንሸራተት ሳይፈሩ ማወቅ ይቻልበታል። ሲደክሙ ፊትን አዙሮ መመለስ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የመንገዱ ቅርጽ የሚመጣው፤ ለእኔ ከቀለሙ በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። በሜሪላንድ አፐር ማርልቦሮ የሚገኘው የሮዛሪቪል መናፈሻ ለስላሳና ሞገድ ሞገድ ያለ መንገድ አለው፤ ድንጋይ አይበዛበትም፤ ጀማሪ ይሂድበት ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገር ግን ዋናው መንገድ መናፈሻውን ዳር ዳሩን የሚዞር፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ትልቅ ቀለበት ነው። ግማሹ ላይ ጉልበቷ ያለቀባት ሰው ከመኪናዋ እጅግ በራቀችበት ቦታ ላይ ናት። ቀላል የተባለውን መንገድ አለመጨረስ ደግሞ ከድካሙ በላይ ያሳፍራል። ጀርመንታውን አጠገብ፣ በሴኔካ ክሪክ የግዛት መናፈሻ ውስጥ ያለው ሼፈር ፋርምስ ለዚህ ቀን ይሻላል። መንገዶቹ በጫካና በእርሻ ማሳ ዳር የሚሽከረከሩ፣ በቀለም የተለዩ ቀለበቶች ናቸው። አንዱን ጨርሶ ውኃ መጠጣት፣ ከዚያ «ልድገም? ይብቃኝ?» ብሎ መወሰን ይቻላል። አጭር ቀለበት ሁለቴ መንዳት ሌላም ጥቅም አለው፦ በመጀመሪያው ዙር ያስፈራት ኩርባ በሁለተኛው የምታውቀው ኩርባ ነው።

ሄዶ መመለስ ብቻ ያለበት መንገድ ከተገኘ መጀመሪያ ዳገቱ፣ ኋላ ቁልቁለቱ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ይህን ትሬይልፎርክስ የተባለው የስልክ መተግበሪያ ያሳያል፤ የከፍታውን መስመር ይሥላል፤ ነጂዎች የወደቀ ዛፍ ወይም ጭቃ ካዩም ይጽፉበታል። መስመሩን ሲያዩ ጠቅላላ ከፍታውን ብቻ አይደምሩ። አንድ ረጅም ቀስ ያለ ዳገት ትንፋሽን ያስተካክላል፤ ሃያ ትንንሽ ቁመተ ቢስ ጉብታዎች ግን ድምራቸው ያው ሆኖ ማርሽ መቀየር የረሳችውን ሰው ካቴና እያስጮኹ ያደክሟታል።

ወቅቱም ምርጫ ውስጥ ይገባል። በመኸር የወደቀው ቅጠል ያምራል፤ ሥሩንም ድንጋዩንም ይሸፍናል፤ የሚታወቅ አረንጓዴ መንገድ በኅዳር የማይታወቅ ይሆናል። እርጥብ ሥር ደግሞ ጎማን በጎኑ ይወስዳል። በበጋ መዥገር ስላለ ሲመለሱ እግርን መፈተሽ ነው።

ስለ ብስክሌቱ ብዙ አልልም። ጋራዥ ውስጥ አቧራ ለብሶ የቆየው የድሮው 26 ኢንች ጎማ ላስቲኩ ከደረቀ ለዚህ ቀን አይሆንም፤ ዘመናዊ ባለ 29 ኢንች መከራየት ይሻላል። ትልቁ ጎማ ትንንሽ እንቅፋትን ሳያስደነግጥ ይሻገራል፤ ኮርቻውም በመሪው ላይ ባለች ቁልፍ ለቁልቁለት ዝቅ ይላል። ጎማውን ድንጋይ እስኪመስል መንፋት የአስፋልት ልማድ ነው፤ ጫካ ውስጥ ትንሽ ለቀቅ ያለው አፈር ይይዛል። ሞተር አጋዥ ያለው ብስክሌት የባልና የሚስትን ጉልበት ያስተካክላል፤ ግን ሁሉም መናፈሻ አይፈቅደውም።

ትልቁ ፈተና አብሮ የሚሄደው ሰው ነው። ቅዳሜው አንድ ናት፤ እሱም መደሰት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሁለቱንም የሚያስማማ መንገድ ይፈልጋል፤ የሚያስማማ የተባለው መንገድ ደግሞ ወደ እሱ ያጋደለ ነው። እኔ የምለው የራሱን በማለዳ ነድቶ ይጨርስ፤ ከእሷ ጋር ሲሄድ መንገዱ ቢሰለቸው ትክክለኛውን መርጧል። ዳገት ላይ እሷ ትቅደም፣ በራሷ ልክ ትውጣ። በማታውቀው ቁልቁለት እሱ ይቅደምና በምታየው ርቀት ላይ ይቁም። እግረኛ ሲመጣ ቅድሚያው የእሱ ነው፤ ፈረስ ሲመጣ ሁሉም ቆሞ ያሳልፋል፤ እነዚህ እረፍቶች ለተመላሽ ስጦታ ናቸው። ብዙዎች የሚፈጽሙት ጥፋት አለ፦ ቀድሞ ደርሶ አምስት ደቂቃ ያረፈው ሰው እሷ ስትደርስ ወዲያው «እንሂድ?» ይላል። እሱ አረፈ፣ እሷ አላረፈችም። ቆሎ ካለ ያን ጊዜ ይውጣ። በየሥሩ «አይዞሽ! ፍሬን! ወደ ፊት እዪ!» ማለትም ይቅር፤ ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት ትእዛዝ አይፈጽምም።

ወደ ሰማያዊ የሚያሸጋግሩ ምልክቶች ከቁጥር ይልቅ በዓይን ይታያሉ። ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ኩርባው ከመድረሱ በፊት ፍሬን መያዝ ከጀመረች፣ ሥር ሲመጣ ፔዳሎቹን አግድም አድርጋ ከኮርቻው ብድግ ካለች፣ እያወራች መውጣት ከቻለች ጊዜው ደርሷል። ለዚህ በሰሜን ቨርጂኒያ የፋውንቴንሄድ መናፈሻ ይመቻል፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ጥቁር ዙሮቹ የተቀጣጠሉ ናቸው። በአረንጓዴው ሄዶ መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ወዴት እንደሚታጠፍ እሷ ትወስን። ፋውንቴንሄድ መንገዱ እንዳይበላሽ ዝናብ ሲዘንብ ለብስክሌት ስለሚዘጋ፣ ብስክሌቶቹን መኪና ላይ ከመጫን በፊት ክፍት መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል።